ትርፊት «አልሄድም» ያለች ጊዜ

ትርፊትን ዕድሜዋን የጠየቃት ሰው ነበር። «ስልሳ ደጄ ላይ ቆሟል፤ ገና ግባ አላልኩትም» አለችው። ሰውዬውም እየሳቀ ጨርቁን ገዝቶ ሄደ። እንዲህ ናት እንግዲህ! ሆሳዕና ከተማ፣ መነኸሪያው ጀርባ በነበረችው ጠባብ ሱቋ ብትን ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። ስትለካ ክንዷ ይበቃታል፤ ሜትሩ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ለማያምን ሰው ነው። ለክታ ስታበቃ ደግሞ አራት ጣት ያህል ትጨምርና ጨርር አድርጋ ትቀድዳለች። «ይቺ ምርቃት ናት፤ ልጅሽ ያድግበታል» ትላለች።

እናትና አባቷ ከጉራጌ መጥተው ያቺን ሱቅ ከፈቱ፤ ተከታትለው ሲሞቱም ሱቁንና ታናናሾቿን ለእሷ ተዉላት። ታናናሾቿን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ዳረች። እሷ ግን አላገባችም። ለምን ሲሏት መልስ አታጣም። «የሙሽራ ልብስ ከኔ የገዙት ሁሉ ዓመት ሳይሞላቸው ለቅሷቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ሰምቶ የሚገባ ሞኝ ነው።»

ታዲያ አንድ ቀን የሱቁን ቤት ያከራያት ሰው መጣና «እትዬ ትርፊት፣ ቤቱን አፍርሼ ፎቅ ልሠራ ነው» አላት። ሰፈርተኛው ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ ጣቃዎቹን ለጎረቤት ነጋዴዎች አከፋፈለችና መዝጊያውን ዘጋች። «በቃኝ» አለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆምኩ። አሁን የምረግጠው አፈር እፈልጋለሁ። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ ጓሮ። ጠዋት ወጥቼ በራሴ ጓሮ ውስጥ በራሴ ጭቃ ልውደቅ!»

ይህን ወሬ አዲስ አበባ ያለው የመጨረሻው ወንድሟ ተክለጊዮርጊስ ሲሰማ ስልኩን አነሳ። ተክለጊዮርጊስ መርካቶ ሴራሚክ የሚሸጥ፣ ቦርጩ ከፊቱ የሚቀድም፣ እህቱን ከልቡ የሚወድ ሰው ነው። ችግሩ፣ ሲወድ የሚወደውን ሰው ሳይጠይቅ ነው።

«እትዬ፣ ክፍል አዘጋጅተንልሻል። ቀለም ሁሉ ተቀብቷል» አላት።

«ክፍሉ የት ጋ ነው?»

«ከልጆቹ ክፍል አጠገብ።»

ትርፊት ሳቋ አመለጣት። የተክሌ ሚስት መንታዎቹን ከወለደች ወዲህ ሠራተኛ አልበረክት ብሏቸው እንደነበር ታውቃለች። «ተክሌ፣ የኔ ጌታ፣ አንተን አዝዬ ያሳደግሁበት ጀርባ ገና አልቀናም። ሞግዚት ከፈለግህ ደላላ ጠይቅ።»

«እንዴት እንዲህ ይባላል! እኔ ላንቺ ብዬ ነው። ብቻሽን ሰው በማያውቅሽ አገር አንድ ቀን ብትወድቂ ማን ያያል? የደም ግፊት መድኃኒትሽን ማን ያስታውስሻል? ብትሞቺስ ማን ይቀብርሻል?»

ይሄኛው ጥያቄ ሆዷ ገባ። ግን ሆዷ የገባውን ነገር አፏ አያወጣም። «እንግዲያው ስማኝ» አለችው። «እስከ ኅዳር ሚካኤል ጊዜ ስጠኝ። በማግስቱ ና። ሰው የሌለኝ ሆኜ ካገኘኸኝ፣ በእናታችን አጥንት፣ ሻንጣዬን ራሴ እጭነዋለሁ። መንታዎችህንም እስክሞት አዝላለሁ። ሰው ካለኝ ግን ሁለተኛ አዲስ አበባ እንዳትለኝ።»

«ይሁን» አለ ተክሌ። የማለችው በእናታቸው ነው፤ ትርፊት ደግሞ በእናቷ ምላ ከድታ አታውቅም።

ከፋሲካ በኋላ ፍለጋ ወጣች። ትንሽ ከተማ የሚመርጥ ሰው የቤቱን ዋጋ ይጠይቃል፣ ውሃና መብራቱን ይጠይቃል። ትርፊትም ጠይቃለች። የሰዉን ጠባይ ግን በመጠየቅ አይገኝም ብላ የራሷን ዘዴ ፈጠረች፤ ሚኒባስ ላይ ስትወጣ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ ይዛ ትወጣለች! ገበያው ዘንድ ስትደርስ አንዱን የማታውቀውን ሰው ትመርጥና «እባክህ ይቺን ዶሮ ያዝልኝ፣ መጣሁ» ብላ ትጠፋለች። ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልሳ የከተማውን ውጤት ታያለች።

ሆመቾ ላይ ዶሮውን የሰጠችው ሰው ፊቱ በደስታ በርቶ ጠበቃት። «እናቴ፣ ሸጥኩልሽ! ጥሩ ገዢ አግኝቼ ነው፤ አንቺ ብትሆኚ ይሄን ዋጋ አታገኚም ነበር» ብሎ ብሩን ሳያጎድል አስረከባት። ትርፊት መነኸሪያው ድረስ ብቻዋን ስትስቅ ሄደች። «ደግ አገር ነው» አለች፣ «ግን ነጋዴ ነው። ለነጋዴ ለነጋዴ እኔ ራሴ እበቃለሁ።»

ሙዱላ ላይ ደግሞ ዶሮውን የያዘችላት ሴት ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ስትጠብቅ ወደ መንደሯ የሚወስዳት መኪና አምልጧት ተገኘች። ትርፊት አፍራ ዶሮውን መረቀችላትና ይቅርታ ጠየቀቻት። «እንዲህ ጥሩ ሰው ያለበት አገር ብኖር በየቀኑ ሳፍር ልኖር ነው» አለች። ደግሞም ለግፊቷ ከምትከታተልበት ሆሳዕና ይርቃል።

አንጋጫ ላይ ነገሩ ሌላ ሆነ። ዶሮውን የሰጠችው ገበያ ዳር ጎመን ዘርግታ ለተቀመጠች ቀጠን ያለች የሃምሳ ዓመት ሴት ነበር፤ ትርፊት ስትመለስ ግን ሴትዮዋ አጠገብ ዶሮ የሚባል ነገር የለም። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት።

«የዶሮው ባለቤት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«አታፍሪም?»

ትርፊት በሕይወቷ እንዲህ ተብላ አታውቅም። «ምን አልሽ?»

«እግሩን እስኪያብጥ ነው ያሰርሽው! አንቺን እንዲህ አስረው ፀሐይ ላይ ጥለውሽ ቢሄዱ ደስ ይልሻል? ቤቴ ወስጄ ፈትቼዋለሁ። ከፈለግሽው ነይና ራስሽ ያዢው፤ እኔ ለማንም ብዬ ዶሮ አላባርርም።»

ጵርስቅላ ትባላለች። ቤቷ ከከተማው ዳር ነው፤ ዶሮውም ከጓሮዋ እንሰት ውስጥ ገብቶ አልያዝ አለ። ሁለቱ ሴቶች ከእንሰት እንሰት ሲሯሯጡ፣ ሲወድቁ፣ ሲሳሳቁ ቆዩና ደክሟቸው ተቀመጡ። ጵርስቅላ ቆጮና በቅቤ የታሸ አይብ አቀረበች፤ ትርፊት እጇን ሰብሰብ አደረገች።

«የሐዋርያት ጾም ነው» አለች።

«ውይ! ኦርቶዶክስ ነሽ ለካ!» ጵርስቅላ አይቡን አንስታ ጎመን በዘይት ይዛ ተመለሰች። «ጌታ ይባርከው፤ ይሄ እንኳን አይጾምም።»

ትርፊት የጎረቤቱን ግቢ ያየችው ያኔ ነው። የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ አቮካዶ፣ ከኋላው በረድፍ የቆመ እንሰት። በሩ ተዘግቶ ሳር በቅሎበታል።

«የማን ነው?»

«የአያ ሽብሩ ነው። ልጆቹ ዱራሜ ወሰዱት።»

«ሄደ ወይስ ወሰዱት?»

ጵርስቅላ ትንሽ አሰበች። «ወሰዱት» አለች።

አያ ሽብሩ ለቤቱ ሽያጭ ውል ሲመጡ በከዘራቸው እየተደገፉ እያንዳንዱን እንሰት በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፣ ፈረስ እንደሚሸጥ ሰው። «መሬት አይሸጥም፤ የሸጥኩልሽ ቤቱን ነው» አሏት። «እንሰቱ ግን አብሮሽ ይቀራል። ጎረቤት እንዳታጪ እንጂ እሱ አያስርብሽም።» ዋጋውም ቢሆን ሆሳዕና ላይ አንድ ክፍል ቤት ለጥቂት ዓመት ለመከራየት የሚበቃ ያህል ብቻ ነው። ትርፊት ሽማግሌው ስለ እንሰቱ የተናገሩትን ሰማች፤ ስለ ጎረቤት ያሉትን ግን የሰማችው በጆሮዋ ብቻ ነበር።

ክረምቱን ተከለች። ችግኝ ገዝታ፣ ጴጥሮስ (የጵርስቅላ ባል ነው፤ ዝምተኛ ሰው) ጉድጓዱን ቆፍሮላት፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየደረሰ አንድ ረድፍ አዲስ እንሰት አቆመች። ወዲያ ማዶ የምትኖረው አዲስ ሙሽራ ማራኪ፣ አፏ የማይታጠፍ ልጅ፣ በአጥሩ ብቅ ብላ ታያት ነበር።

«እትዬ ትርፊት፣ ይሄ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል እኮ!»

«ይፍጅ።»

«እስከዚያ... ማለቴ... ትቆያለሽ?»

«እኔን ተይና እሱን ጠይቂው! እኔ ስልሳ ዓመት መቆየቴን አሳይቻለሁ፤ እሱ ነው ገና ያልታየው!»

ማራኪ ለጵርስቅላ ነገረቻት፣ ጵርስቅላ ለሰፈሩ ነገረች። ሰፈሩ ወደዳት። በአጥር ላይ «ትርፊት! ጨው አለሽ?»፣ «ትርፊት! ያ ድመት ያንቺ ነው?» እየተባለች ስትጠራ ትውላለች። አውራ ዶሮውም እዚያው ጵርስቅላ ቤት ቀረ፤ የጠየቀው የለም። ትርፊት ለተክሌ ስልክ ስትደውል ድምፅዋ ይዘፍናል። «ኅዳርን ብቻ ጠብቅ!» ትለዋለች።

ጥቅምት ሲጋመስ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። ተክሌ ሲመጣ የራሷ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ፣ የራሷ ቡላ ደርቆ ማየት አለበት! ከሽማግሌው የቀሩት ትልልቆቹ እንሰቶች ለመፋቅ ደርሰዋል። እንሰት ቆርጦ፣ ልጦ፣ በጣውላ ላይ በቀርከሃ ፍቆ፣ በኮባ ጠቅልሎ መቅበር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ እሷ ደግሞ ከጉራጌ ብትወለድም ያደገችው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ቆጮ የምታውቀው ከገበያ ተገዝቶ ነው። ታዲያ በነጋዴ ልማዷ አሰበች፦ ሰው አላስቸግርም፤ የሠራ ሰው የላቡን ያግኝ። ሆሳዕና ሄዳ ፋቂ ሴቶች ቀጥራ በመኪና አምጥታ አሠራች፣ ከፈለቻቸው፣ ሸኘቻቸው። ከዚያም ኮራ ብላ የመጀመሪያውን ቡላ በንጹሕ ጨርቅ እየቋጠረች ለየጎረቤቱ አዳረሰች። ጨርቁን አራት ጣት አስረዝማ ነው የቀደደችው!

ጎረቤት ሁሉ በሁለት እጁ ተቀበላት። አመሰገናት።

ከዚያ ወዲህ ግን በአጥሩ ላይ የሚጠራት ጠፋ። መንገድ ላይ ስታገኛቸው ቆም ይሉና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ደኅና አደሩ?» ይላሉ። ትርፊት ለሰዓታት ያ ሰላምታ ምኑ እንደከበዳት አልገባትም ነበር፤ ኋላ ነው ያወቀችው። እርስዎ ብለዋታል! ትናንት አንቺ ትርፊት፣ አንቺ ጉደኛ ሲሏት የነበሩ ሴቶች ዛሬ እንደ ሹም ሚስት አክብረው ፊት ነሷት። ማራኪ እንኳን! ያቺ ምላሷ የማያርፍ ማራኪ «እንደምን ዋሉ» ብላ ዓይኗን ሰብራ አለፈች።

ትርፊት ሁለት ሳምንት ታገሠች። ከዚያ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ጵርስቅላ ደጅ ቆመች።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም፤ ይግቡ።»

«እርስዎ አትበዪኝ! ስድብ ካለሽ ስደቢኝ!»

ጵርስቅላ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «እሺ ልስደብሽ! እዚህ አገር እንሰት የሚፋቀው እንዴት ነው? ዛሬ እኔ ጋ፣ ነገ ማራኪ ጋ፣ ከነገ ወዲያ አንቺ ጋ። ሴቱ ሁሉ ይመጣል፣ ይፍቃል፣ ይበላል፣ ሐሜቱን አውርቶ ይሄዳል። ብር የሚባል ነገር በመካከል አይገባም። እኛ ተራሽን እየጠበቅን ነበር። መፋቂያ ቀርከሃ ስላልነበረሽ ማራኪ አስቀርጻልሽ ነበር። አንቺ ግን ከሆሳዕና ሰው በመኪና ጭነሽ መጣሽ!»

«ላለማስቸገር ብዬ ነዋ!»

«እኮ! ላለማስቸገር ብለሽ ከፈልሽ። የከፈለ ሰው የማንም ውለታ የለበትም። የማንም ውለታ የሌለበት ሰው እዚህ ምን ያደርጋል? ሬሳሽንስ በቀን ሠራተኛ ልታስቀብሪ ነው?»

ትርፊት ፊቷ ጠቆረ። ወንድሟ በስልክ የጠየቃት ጥያቄ አሁን ፊት ለፊቷ ቆሞ ጠየቃት። «መጥታችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለች።

«ይሄ ይነገራል? የጉራጌ ልጅ አይደለሽ? እንሰት በሌለበት ተወለድሽ?»

«ሱቅ ውስጥ ነው የተወለድኩት!»

«እንግዲያው ሱቅ ውስጥ ኑሪ!»

ሁለቱም ጥርሳቸውን ነከሱ። ሁለቱም ይቅርታ የምትባለዋን ቃል አፋቸው ጫፍ አድርሰው ዋጧት። ትርፊት ቤቷ ገብታ በሩን ጥላ ዘጋችው፤ ቆርቆሮው ሰፈሩን ሁሉ አሰማ።

ቀኑ መጣ። ከሚካኤል ማግስት፣ ገና ጤዛው ሳይደርቅ፣ የተክሌ ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕ ደጇ ላይ ቆመ። ከኋላ ገመድና ሸራ ተዘጋጅቷል! ተክሌ ወርዶ አቀፋት፣ ግቢውን ዞሮ አየ፣ አቮካዶውን አደነቀ፣ ቆጮው የተቀበረበትን ቦታ አይቶ «ጎበዝ» አለ። ከዚያ ወገቡን ይዞ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ጎረቤቶችሽስ? ጥሪያቸውና ላመስግናቸው።»

ትርፊት መልስ አጣች። ትርፊት! መልስ አጣች!

«እትዬ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ከመጣሁ አንድ ሰው በዚህ አጥር ብቅ ብሎ ደኅና አደርሽ አላለሽም። ሆሳዕና ሳለሽ እኮ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይወስድ ነበር። ሻንጣሽን ላምጣ?» ድምፁ ውስጥ ድል አልነበረም፤ አዝኗል። ለእሷ ግን ያ ሐዘን ከስድብ የባሰ ሆነባት።

በዚያው ቅጽበት ከጵርስቅላ ጓሮ ድምፅ ተሰማ። ጭርር... ጭርር... ቀርከሃ በእንሰት ላይ ሲሄድ። የሴቶች ሳቅም አብሮ። ዛሬ የጵርስቅላ ተራ ነው፤ ትርፊትን የጠራት የለም። አጥሩ ዘንድ ሄዳ «እባካችሁ ለአንድ ሰዓት ጎረቤት ምሰሉልኝ» ብትል ጵርስቅላ እንኳ ለወንድሟ ስትል እሺ ትል ነበር። ትርፊት ግን በሕይወቷ ጨርቅ አሳንሳ ለክታ አታውቅም፤ ዛሬም ሰው አሳንሳ አትለካም። እውነተኛ ጎረቤት ካልሆኑ ይቅሩ!

ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች።

«እትዬ፣ የት ነው?»

«ሥራ አለብኝ» አለችውና በአጥሩ ክፍተት ሾልካ ገባች።

ሴቶቹ ከሥራቸው ቀና አሉ። እያንዳንዷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ጣውላዋን ከፊቷ አጋድማ፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰብስባለች። ትርፊት በመካከላቸው ቆመች።

«አልተጠራሁም፤ አውቃለሁ» አለች። «እስክትጠሩኝ ብጠብቅ የኔም ተራ የናንተም ተራ ያልፋል። አጥፍቻለሁ፤ አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ ካላደረጋችሁልኝም ይሄን እንሰት ፍቄ ነው የምወጣው። ጎትታችሁ አውጡኝ፣ ወንድ ከሆናችሁ!»

«ወንድ አይደለንም» አለች አንዷ፤ ሌሎቹ አፋቸውን ያዙ።

ባዶ ጣውላ ዘንድ ተቀመጠች፣ የእንሰቱን ቅርፊት ደገፍ አድርጋ ቀርከሃውን ጫነችበት። ቅርፊቱ ተንሸራተተና ተፈናጥሮ ጉንጯን በጥፊ አጮላት። ማራኪ የያዘችውን ሳቅ መዋጥ አቅቷት ፈነዳች፤ ከዚያ ጓሮው ሁሉ ፈነዳ። ጵርስቅላ ብቻ አልሳቀችም። የራሷን ሥራ ሳታቆም፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እግርሽን ከፍ አድርጊ። በተረከዝሽ ያዢው እንጂ በእጅሽ አይያዝም።»

አንቺ አለቻት! ትርፊት እግሯን ከፍ አደረገች።

ይሄኔ ነው ተክሌ በጵርስቅላ በር የገባው። «እትዬ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እባክሽ...» እያለ እስከ ጓሮው ድረስ ዘለቀ። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ።

«ወንድ! ወንድ ገባ!»

ሴት እንሰት ስትፍቅ ወንድ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። ቀሚስ ከጉልበት በላይ ተሰብስቦ፣ ምላስም ልጓሙን ፈትቶ የሚዋልበት ቦታ ነውና የቤቱ ጌታ ጴጥሮስ ራሱ በዚህ ቀን የራሱን ጓሮ አያይም። ማራኪ ከጣውላዋ ስር ያለውን እርጥብ ፍቅፋቂ በእፍኟ ዘግና ወረወረችው፤ የተክሌ ነጭ ሸሚዝ ላይ ቸፍ አለ። ሌላዋም ጨመረች። ተክሌ ቦርጩን በሁለት እጁ ከልሎ ወደ ኋላው እየተደናቀፈ ወጣና ከአጥሩ ውጭ ቆመ።

«እትዬ! ውጪና እንነጋገር!»

«አልወጣም!»

«ልጅ ነሽ እንዴ? በእናታችን ምለሻል እኮ!»

«ግባና አስወጣኝ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጵርስቅላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ወንድሜ፣ እህትህን ከፈለግህ ሥራ ስንጨርስ ጠይቀን። አሁን የኛ ናት።»

«የናንተ?» ተክሌ አሁን በእውነት ተቆጣ። «የናንተ ከሆነች ጠዋት ከመጣሁ የት ነበራችሁ? የግፊት በሽተኛ እኮ ናት! መድኃኒቷን መቼ እንደምትውጥ ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ?»

«ጠዋት ከቁርስ በኋላ» አለች ማራኪ ሳታስብ። «አቮካዶው ስር ቆማ በትልቁ ኩባያ ነው የምትውጠው። ከዋጠች በኋላ ፊቷን ታጨማድዳለች። በየቀኑ ነው የማያት።»

ትርፊት ቀርከሃዋን አቆመች።

«ባለፈው ሳምንት» አለች ጵርስቅላ፣ እንደ መናደድ እያለች፣ «በሯ እስኪረፍድ ሳይከፈት ቀርቶብኝ ጴጥሮስን ልኬ በአጥር አሳይቻለሁ። ጋቢ ለብሳ ደጅ ተቀምጣ ነው ያገኛት፤ ዝም ብሎ ተመለሰ።»

«አኩርፋችሁኝ» አለች ትርፊት፣ «አኩርፋችሁኝ እየጠበቃችሁኝ ነበር?»

«ኩርፊያ ሌላ፣ ሞት ሌላ!» አለቻት ጵርስቅላ። «ብትሞቺብኝ ከማን ጋር ልጣላ ነው? ፍቂ አሁን፣ ከኋላ ቀርተሻል።»

ትርፊት ፋቀች። ወገቧ እስኪነጠል፣ ክንዷ እስኪዝል፣ ያ ሙሉ ዕድሜውን ጨርቅ የለካ ክንድ የሰው ክንድ መሆኑን እስኪረሳ ፋቀች። ከአጥሩ ወዲያ ጴጥሮስ ተክሌን እጁን ይዞ ጥላ ስር አስቀመጠው፣ ሸሚዙን በውሃ አስለቀለቀው፣ ቆጮና ጎመን አቀረበለት። ሁለቱ ሰዎች ብዙ አልተነጋገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ተክሌ «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» ሲል ተሰማ። ጴጥሮስም «ዛሬ ረጋ ብለዋል» አለው።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ትርፊት ወጣች። ጸጉሯ ላይ ቃጫ፣ ፊቷ ላይ ፍቅፋቂ፤ ሽታዋ ሦስት እርምጃ ቀድሟት ደረሰ። ተክሌ አፍንጫውን ሊይዝ እጁን አነሳና አፍሮ መለሰው።

«ምለሻል አልከኝ» አለችው። «ያልኩትን ድገመው እስቲ።»

«ሰው የሌለኝ ሆኜ ካገኘኸኝ አልሽ።»

«አገኘኸኝ?»

ተክሌ ሸሚዙን አየ። ወደ አጥሩ አየ፤ ከአጥሩ በላይ የሴቶች ራስ ተደርድሮ እሱን ይመለከታል። «አላገኘሁሽም» አለ በመጨረሻ። ከዚያም እንደ ልጅነቱ አፉን አጣሞ፣ «ግን ለጥቂት ጊዜ እንኳን... ልጆቹ አያውቁሽም እኮ።»

«አልችልም። ነገ የማራኪ ተራ ነው።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከዚያ ወዲያ ያለችው ሴትዮ። ስሟን ገና አላውቀውም፤ ከት ብላ የምትስቀዋ።»

«ተራው መቼ ነው የሚያልቀው?»

«አያልቅም» አለችው ትርፊት። «ልጆችህን ክረምት አምጣልኝ። ጭቃ ውስጥ እለቃቸዋለሁ፤ ማታ ሠራተኛ ሳትፈልግ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እነሱ ወደ እኔ ይምጡ። እኔ ግን አልሄድም። ለልጆቹም፣ ላንተም፣ ለሞትም ቢሆን ከዚህ ጓሮ ተነስቼ አልሄድም። የሚፈልገኝ ይምጣ!»

ተክሌ ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ጵርስቅላ ግን ቀደመችው። በኮባ የተጠቀለለ አንድ ትልቅ የቆጮ ጥቅል ይዛ መጥታ ለእህቱ ዕቃ ብሎ ባዘጋጀው ሸራ ላይ ዱብ አደረገችው። «ለባለቤትህ። መንታ ያጠባች ሴት ቡላ ትጠጣ፤ ከውስጥ አለበት። መስኮቱን ከፍተህ ንዳ፤ ይሸታል።»

ፒክአፑ ቁልቁል ሲወርድ ትርፊት ደጅ ላይ ቆማ እጇን አላውለበለበችም፤ ክንዷ አልነሳ ብሏት ነው። ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ለማለት ስትሞክር ወገቧ እምቢ አላት፤ ቆማ ለመቅረትም እምቢ አላት። በዚያ መካከል ከአጥሩ ወዲያ የጵርስቅላ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው።

«ትርፊት! አንቺ ትርፊት! ዛሬ ፍቀሽ ጉድጓዴ ውስጥ ያስገባሽውን አየሁት፤ ግማሹ ቃጫ ነው!»

«ጥርስ የላችሁም? ትበሉታላችሁ!» አለች ትርፊት።